ሰዓት፣ ሽልማት ወይስ ሰሚ? ልጅ ቤት ውስጥ ፒያኖ እንዲለማመድ የትኛው ያዋጣል

የ8 ዓመቱ ልጄ ማታ ኪቦርዱ ፊት ሲቀመጥ የሚያደርገውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ወንበሩን ያስጠጋል፤ መልሶ ያርቃል። ድምፁን ከፒያኖ ወደ ዋሽንት፣ ከዋሽንት ወደ ከበሮ ይቀይራል። ውሃ ጠማኝ ብሎ ይነሳል። ተመልሶ የሚወደውን የመጀመሪያ መስመር በአንድ ትንፋሽ ያንበለብለውና ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱ አየር ላይ ቀጥ ይላል። "እማ፣ ጨረስኩ!" ሰዓቴን ሳይ 4 ደቂቃ።

ስንፍና ነው እያልኩ ስንት ቀን ተቆጥቻለሁ። ቀስ ብዬ ሳስተውለው ግን ልጁ ፒያኖውን አልጠላም፤ የሚሸሸው ሁለተኛውን መስመር ነው። እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል፤ ቢሳካለትም ባይሳካለትም የሚሰማው ሰው የለም። እኔ ወጥ ቤት፣ አባቱ ዜና ላይ።

የምንኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ትልቋ ልጄ 12 ዓመቷ ነው፤ እሷም በዚሁ ኪቦርድ አልፋለች። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴም ሁለት ልጆቿን ፒያኖ ታስተምራለች። ስንገናኝ የሁለታችንም ጥያቄ አንድ ነው፦ "ምን ብታደርጊ ነው የሚቀመጥልሽ?" እዚህ የማወዳድረው በሁለቱ ቤት የሞከርነውን ነው። ለቸኮለ ወላጅ ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ከሰዓትም ከሽልማትም በላይ ልጅን ኪቦርድ ላይ የሚያቆየው ሰሚ ነው። ሰሚ በሌለበት ቤት ሌላው ዘዴ ሁሉ ከሦስት ሳምንት ሲያልፍ አላየሁም።

"30 ደቂቃ" ወይስ "ይቺን መስመር 3 ጊዜ"

አስተማሪዎች ብዙ ጊዜ "በቀን 30 ደቂቃ ይለማመድ" ብለው ይልካሉ። ለወላጅ የሚመች ትእዛዝ ነው፤ የሞባይሉን ማንቂያ ሞልቶ ወደ ሥራ መመለስ ነው። ግን ልጁም ሰዓቱን ያያል። 30 ደቂቃ የተባለ ልጅ 30 ደቂቃ መሙላት ይማራል፤ የሚያውቀውን እየደጋገመ፣ የሚከብደውን እየዘለለ። የእህቴ ልጅ ማንቂያው እስኪጮህ ድረስ አንዷን ቁልፍ በአንድ ጣት ሲነካካ ተይዟል።

ሌላው መንገድ ሥራውን ቆርሶ መስጠት ነው። ከደብተር ጫፍ የቀደድኳት ቁራጭ ወረቀት ላይ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦ "ሁለተኛ መስመር። ግራ እጅ ብቻ። በዝግታ። 3 ጊዜ።" ወረቀቷ ቁልፎቹ ላይ ትቀመጣለች። 3 ጊዜ ከተጫወተ ጨርሷል፤ 7 ደቂቃ ቢፈጅም ጨርሷል። በማግስቱ ቀኝ እጅ ብቻ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም እጆች፣ ግን የመስመሯን ግማሽ ብቻ። ያ የሚሸሸው ሁለተኛ መስመር በአንድ ሳምንት ከመጀመሪያው እኩል ሆነለት፤ አሁን የሚሸሸው አራተኛውን ነው።

ይህም የራሱ እንከን አለው። መጀመሪያ "ሳይሳሳት 3 ጊዜ" ብዬ ጽፌ ነበር። ልጁ ሦስተኛው ላይ ሲሳሳት ከአንድ መጀመር ሆነበት፣ እንደገና ሦስተኛው ላይ ተሳሳተ፣ ከዚያ እንባው ቁልፎቹ ላይ ተንጠባጠበ። "ሳይሳሳት" የምትለውን ቃል ሰረዝኳት፤ በምትኳ "በዝግታ" ገባች። ቀስ ብሎ የሚጫወት ልጅ ራሱ ስህተቱ ይቀንሳል።

ከ9 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ቁራጭ ሥራ ይሻላል፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የሚያልቅ ይሁን። 11 እና 12 ዓመት ላይ የደረሰ ልጅ ግን ወረቀት ሲጻፍለት ይናደዳል፤ ለእሱ ሰዓቱን ሰጥቶ እቅዱን ለራሱ መተው ይበጃል። ቅዳሜ አንድ ጊዜ 75 ደቂቃ ወይስ በሳምንት 5 ቀን 15 ደቂቃ ለሚለው ክርክር አያስፈልግም። ድምሩ አንድ ቢሆንም በየቀኑ የሚለማመደው ይቀድማል፤ በመሀል እንቅልፍ ስለሚገባ ትናንት የተቆላለፈው ጣት ዛሬ ሳይታሰብ ይፈታል።

ጠዋት ወይስ ማታ? ይህ እንደ አገሩ ነው። ደሴ ክረምት ላይ ጭጋጉ ጦሳን ሸፍኖ ሲያድር የልጅ ጣት ጠዋት እንጨት ነው፤ ትኩስ የሻይ ብርጭቆ ካልጨበጠ ቁልፍ አይታዘዝለትም። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ደግሞ ችግሩ የቀኑ ሙቀት ስለሆነ የእህቴ ልጆች ከትምህርት ቤት በፊት ጠዋት ይለማመዳሉ። ትምህርት በፈረቃ የሆነበት ልጅ ሰዓቱ በየጊዜው ስለሚቀያየር "ሁልጊዜ 11 ሰዓት" የሚል ሕግ አይቆምለትም።

ስለዚህ እኛ ቤት ልምምዱን ከግድግዳ ሰዓት አውርደን ቡና ላይ ሰቀልነው። ቡና ሲቆላ ይጀምራል፣ አቦል ሲቀዳ ያቆማል። ከመቁላት እስከ መቅዳት ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ለትንሽ ልጅ ከበቂ በላይ። "ተለማመድ" የሚል ሰው አያስፈልግም፤ ጭሱ ራሱ ይጠራዋል። እናቴ ቡናውን ስትወቅጥ ልጁ ሳያውቀው የሙቀጫውን ምት ይከተላል። ሜትሮኖም የሚባለውን ምት መቁጠሪያ አስተማሪው ግዙ ብሎን ነበር፤ እስካሁን አልገዛንም። እርግጥ እናቴ ሲደክማት ዜማውም አብሮ ይዘገያል። በረመዳን ቡና ጠጪ ጎረቤቶቻችን ከኢፍጣር በኋላ ስለሚመጡ ልምምዱም ወደ ማታ አብሮ ይዞራል።

ኮከብ፣ ከረሜላ፣ ሞባይል

ሽልማትን በደንብ ሞክረነዋል። ግድግዳ ላይ ሠንጠረዥ ለጠፍን፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ የወረቀት ኮከብ፣ 10 ኮከብ ሲሞላ ግማሽ ሰዓት የሞባይል ጌም። የመጀመሪያው ሳምንት ተአምር ነበር፤ ሳይጠራ ይቀመጣል። በሁለተኛው ሳምንት "ስንት ቀረኝ?" ማለት ጀመረ። በሦስተኛው፦

"እማ፣ ይሄ ዜማ ከባድ ስለሆነ 2 ኮከብ ነው።"

"አንድ ነው ያልነው የኔ ጌታ።"

"እንግዲያው ቀላሉን እጫወታለሁ።"

ሰኞ ገበያ በግ ስገዛ እንኳን እንዲህ ያለ ተከራካሪ አልገጠመኝም። ያሳዘነኝ ድርድሩ አይደለም፤ ከዚያ በፊት በነፃ፣ በደስታ ይጫወተው የነበረውን ቀላሉን ዜማ ሳይቀር ዋጋ አወጣለት።

ይህ የእኔ ልጅ ብቻ ጠባይ እንዳልሆነ ያወቅሁት ስለ አንድ የቆየ ጥናት ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ሥዕል መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ከፈሉ። ለአንደኛው ቡድን "ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ" ተባለ። ሁለተኛው ምንም ሳይነገረው ሥሎ ሲጨርስ ሽልማቱ በድንገት ተሰጠው። ሦስተኛው አልተሸለመም። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ ልጆቹ እንደ ፈለጉ ሲለቀቁ፣ አስቀድሞ ቃል የተገባለት ቡድን ለሥዕል ያዋለው ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። በድንገት የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም።

ከዚህ የወሰድኩት ቀላል ነው። ሠንጠረዡን ቀደድኩ፤ ድንገተኛውን አስቀረሁ። አንድ ቀን በደንብ ከለፋ በኋላ፣ ሳይጠብቅ፣ "ተነስ ፒያሳ ወርደን ጭማቂ እንጠጣ" እለዋለሁ። በየሳምንቱ አላደርገውም፤ ካደረግኩት ያው ደመወዝ ነው።

እህቴ በዚህ አትስማማም። እሷ ሽልማት ትሰጣለች፤ ግን ሽልማቷ ከፒያኖው ሳይወጣ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የተለማመደ ልጅ የሚቀጥለውን ዜማ ራሱ ይመርጣል። ይቺን ዘዴዋን ሰርቄያታለሁ። ቃል የተገባ ሽልማት የግድ ከተፈለገ ከረጅም እረፍት በኋላ ለመመለሻ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ፣ ማብቂያው ከመጀመሪያው ተነግሮ ይሁን።

ቅጣትን ለማወዳደር ብዙ ቃል አላባክንም። "ካጠፋህ ሂድና ተለማመድ" ያለ ወላጅ ኪቦርዱን ከኩርኩም ጋር አንድ መደብ ላይ አስቀምጦታል። "የጎረቤት ልጅ እንኳን..." የሚለውም እንደዚያው ነው።

ማን አጠገቡ ይቀመጥ?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ትልቁን ስህተት የሠራሁት እዚህ ስለሆነ።

መጀመሪያ አጠገቡ እየተቀመጥኩ አርም ነበር። እኔ ፒያኖ አልተማርኩም፤ ግን ሲሳሳት ጆሮዬ ያውቃል። "አይደለም። እንደገና። ጣትህ! ጀርባህ!" ልጁ ከእያንዳንዷ ቁልፍ በኋላ ፊቴን ማየት ጀመረ። ጣቱ ቁልፍ ላይ፣ ዓይኑ እኔ ላይ። እንዲህ የሚለማመድ ልጅ የእናቱን ቅንድብ ማንበብ ነው የሚማረው።

ከዚያ ተናድጄ ብቻውን ተውኩት፣ በሩ ተዘጋበት። ያ ደግሞ መጀመሪያ የነገርኳችሁን 4 ደቂቃ አመጣ።

ሦስተኛው መንገድ ሳናስበው የመጣ ነው። እናቴ ከእኛ ጋር መኖር ስትጀምር ማታ ማታ ረከቦቷን ሳሎን ዘረጋች፤ ኪቦርዱም ሳሎን ነበር። እሷ ኖታ አታውቅም፣ ዶ ሬ ሚም አታውቅም። ቡናዋን እየቆላች ትሰማለች፣ አለቀ። አንድ ቀን ልጁ መሀል ላይ ተሰናክሎ እጁን ከቁልፉ አነሳ።

"እምዬ፣ ተበላሸብኝ።"

"አብሽር! እኔ መች አወቅኩት መበላሸቱን። እስቲ ድገማት፣ ያቺን ሽቅብ የምትወጣዋን።"

ደገማት። አራት ጊዜ ደገማት፤ "ያቺ ሽቅብ የምትወጣዋ" ለእምዬ በትክክል እንድትደርስ። እኔ በስድስት ወር "እንደገና" ያላገኘሁትን እናቴ በአንድ "እስቲ" አገኘችው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ አራሚ ስህተቱን ይጠብቃል፣ ሰሚ ዜማውን ይጠብቃል። ማረም የአስተማሪ ሥራ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃዋል። ቤት ውስጥ የሚያስፈልገው ጥሩ ሰሚ ደግሞ ከተቻለ ሙዚቃ የማያውቅ ሰው ነው። አያት፣ ትንሽ እህት፣ ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት። የሚጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰሙትን ለይተው መጥራት። "ጎበዝ" ከሚለው ባዶ ቃል ይልቅ "ዛሬ መጨረሻዋን ቀስ አድርገህ ጣልካት" የምትለው ልጁን ለነገ ታስቀምጠዋለች።

የሚሰማ ሰው ቤት ከሌለስ? ወሎ ውስጥ ዘመድ ዓረብ አገር የሌለው ቤት ጥቂት ነው። የእህቴ ልጆች አክስታቸው ጂዳ ናት፤ ዓርብ እረፍቷ ስለሆነ ሐሙስ ማታ በኢሞ አንድ ዜማ ይቀዱላታል። የመጀመሪያዋን ቀረጻ ያዳምጡና "ይሄማ አይላክም" ብለው ያጠፏታል። ሁለተኛዋን። ሦስተኛዋን። ስድስተኛዋ ትላካለች። አንድም ሰው "6 ጊዜ ተለማመዱ" አላላቸውም። ዓርብ ጠዋት የአክስትየው ድምፅ ይመጣል፦ "ውዶቼ፣ ሁለቴ ሰማሁት፤ ያቺን የመጀመሪያዋን ደግሞ ላኩልኝ።" ካወዳደርኳቸው ዘዴዎች ሁሉ ወጪው ትንሽ፣ ውጤቱ ብዙ የሆነው ይሄ ነው።

አብሮ መማርም አለ። ጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ (1898–1998) ልጅ ቋንቋን ከቤቱ ሰምቶ እንደሚለምደው ሙዚቃንም እንዲሁ ይልመድ ብሎ በዘረጋው ዘዴ፣ ወላጅ ክፍል ገብቶ አብሮ ይከታተላል፤ ትንሽ መጫወትም ይማራል፤ ልጁ የሚጫወተውን ዜማ አስቀድሞ ደጋግሞ ይሰማል። ሞክሬዋለሁ። አንድ ቀላል ዜማ በሁለት ወር ተማርኩ። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነበር የወጣው፦ ልጄ አስተማሪዬ ሆነ። "እማ፣ አውራ ጣትሽ ከሥር ነው የሚያልፈው፣ እንዲህ!" እያለ እጄን ያዘኝ፤ ለእሱ ሲነገረው የማይሰማውን ሁሉ ለእኔ ነገረኝ። ጊዜ ያለው ወላጅ ይሞክረው። ጊዜ የሌለው ግን ራሱን አይውቀስ፤ ረከቦቱን ወደ ኪቦርዱ ማስጠጋት ይበቃዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሰሚ ማለት "ና ለእንግዳ ተጫወት!" ማለት አይደለም። ትልቋ ልጄ ዓይን አፋር ናት፤ አባቷ ለእንግዳ ባስጠራት ቁጥር ሆዷን ያማት ነበር። እንግዳ እያለ መጫወትና አለመጫወት የልጁ ምርጫ ይሁን። ሰው ቡናውን እየጠጣ፣ እያወራ፣ በጎን ሲሰማው የሚቀለው ልጅ ብዙ ነው።

መጽሐፉ ያዘዘው ወይስ ጆሮው የሚያውቀው

መጀመሪያ የቀጠርነው አስተማሪ ለአራት ወር የጣት መልመጃ ብቻ አሠራው። ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል፣ ሶል ፋ ሚ ሬ ዶ። ጣቱ በእርግጥ ጠነከረ። ልጁ ግን እናቴ "እስቲ አንድ ዘፈን" ስትለው የሚጫወትላት አጣ። ሰሚ ኖሮ የሚሰጠው ነገር የሌለው ልጅ ያፍራል፤ ያፈረ ልጅ ይሸሻል።

በተቃራኒው የዩቲዩቡ መንገድ አለ፤ ባለ ቀለም ብሎክ ከላይ እየወረደ የትኛው ቁልፍ እንደሚነካ ያሳያል። ልጅ በአንድ ቀን አንድ ዘፈን ይዞ ይነሳል። ደስ ይላል። ግን ኖታ አያነብም፤ ቪዲዮው ሲቆም እሱም ይቆማል፤ የሞባይል ዳታውም ያልቃል። ዜማውን አስቀድሞ ለመስማት እጠቀምበታለሁ፤ አስተማሪ አድርጌ አልቀጥረውም።

እኛ ያዋጣን መልመጃውን ሳይተዉ አጠገቡ የአገር ዜማ ማስቀመጥ ነው። ለወሎ ልጅ ይህ ቅርብ ነው፤ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የደጃችን ነው። ፒያኖ ላይ ደግሞ ለማግኘት ብዙ አያስቸግሩም። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ነው የተደረደሩት። ከሦስቱ ጥቁሮች የግራውን መነሻ አድርጎ በጥቁር ቁልፍ ብቻ ወደ ቀኝ አምስቱን መሄድ፤ ትዝታ ነው፣ ሜጀር የሚሉት። ከሁለቱ ጥቁሮች የቀኙን መነሻ ቢያደርግ ደግሞ እነዚያው አምስት ጥቁሮች ባቲ ማይነር ይሆናሉ። በነጭ ቁልፍ ብቻ (ዶ ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለው ነጭ ነው) ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ብሎ ቢሄድ አምባሰል። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ደግሞ ባቲ ሜጀር። አንቺሆዬን ለሌላ ቀን አቆይላቸው፤ ለትንሽ ጆሮ ይጠመዘዛል።

በጥቁር ቁልፍ ላይ ብቻ የሚጫወት ልጅ ከቅኝቱ የሚያወጣው ስህተት የለም። የትኛውንም ቢነካ ዜማ ይመስላል። የ6 ዓመት ልጅ በመጀመሪያው ቀን የራሱን ትዝታ "ፈጥሮ" ከወንበሩ ይነሳል። መሰንቆና ክራር የለመደ ጆሮ የፒያኖው ድምፅ ቅኝቱ ላይ ልክ እንዳልተቀመጠ ይሰማዋል፣ እውነቱን ነው፤ ፒያኖ ድምፁ በእኩል እርቀት የተከፋፈለ ስለሆነ እንደ ክራር አይላላም፣ አይጠብቅም። ለልጅ ግን ይበቃዋል። ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ ይፍራሸዋም በልጅነቱ የጀመረው በክራር ነው፤ ፒያኖ ያገኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ልጄ በ8 ዓመቱ ዘገየብኝ ብሎ ለሚጨነቅ ወላጅ ይህን እነግረዋለሁ።

በመጠን ሳስቀምጠው፦ ከ15 ደቂቃ ውስጥ 5ቱ መልመጃ፣ 7ቱ አስተማሪው የሰጠው ዜማ፣ የቀረው የልጁ የራሱ። መልመጃው መጀመሪያ ይሁን፤ መጨረሻ ላይ ከሆነ ልጁ በመልመጃ ስሜት ይነሳል፣ ነገም ያንኑ ያስታውሳል።

ዕቃውና ቦታው

ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፤ 52 ነጭ፣ 36 ጥቁር። እንጨት ፒያኖ ቤቱ ያለው ሰው ታድሏል፤ ግን ቢያንስ በዓመት አንዴ ቃኚ ይፈልጋል፤ ቃኚ ከሩቅ የሚጠራ ከሆነ ያስቡበት። ለአብዛኞቻችን ምርጫው ብዙ ሰው ኦርጋን በሚለው ኪቦርድ ዓይነቶች መካከል ነው። ያማሃም ይሁን ካሲዮ፣ ከስሙ በፊት ሁለት ነገር ይታይ። ቁልፉ ሲጫኑት ኃይሉን ይለያል ወይ? ቀስ ሲነኩት ቀስ፣ ጠበቅ ሲያደርጉት ጠበቅ የማይል ኪቦርድ ላይ ልጅ የቱንም ያህል ቢለፋ ለውጡ አይሰማውም፤ ይሰለቻል። ሁለተኛ፣ ቁልፎቹ ሙሉ ስፋት አላቸው ወይ? 61 ቁልፍ ለጀማሪ ለሁለት ለሦስት ዓመት ይበቃል፤ 49ኙ ቶሎ ይጠባል። በባትሪ ድንጋይም የሚሠራ ቢሆን መብራት ሲጠፋ ምክንያት ይጠፋል። ልጆች ደግሞ በሻማ መጫወት ይወዳሉ።

ቦታውን በሚመለከት መኝታ ቤትና ሳሎን ቢወዳደሩ ሳሎን ያሸንፋል፤ ሰሚው እዚያ ነው። ከሁለቱም የሚብሰው ግን ካርቶኑ ውስጥ ቁም ሳጥን ላይ የተሰቀለው ነው። ማውረድ፣ መዘርጋት፣ መሰካት፤ ልጁ ከመጀመሩ በፊት ደክሟል። እኛ ቤት ኪቦርዱ ሁልጊዜ ተዘርግቶ ነበር፤ ግን እናቴ አቧራ እንዳይነካው ብላ በዳንቴል ሸፈነችው፤ ዳንቴሉ ላይ የአበባ ማስቀመጫ አኖረች። ልጁ በየማታው አበባውን ማንሳት፣ ዳንቴሉን ማጠፍ ነበረበት። አበባው ቴሌቪዥኑ ጋ በተዛወረ ሳምንት ቀን ላይም፣ ሲያልፍ ሲያገድም፣ ሁለት ሦስት ቁልፍ መነካካት ጀመረ። ያቺ መነካካት በየትኛውም ሠንጠረዥ አትመዘገብም፤ እኔ ግን ከምንም በላይ እሷን እቆጥራለሁ።

ማዳመጫ ጆሮ ላይ ማድረግስ? ኮምቦልቻ የእህቴ ባል ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ገብቶ ሲያድር ቀን ይተኛል፤ ያኔ ማዳመጫ ግዴታ ነው። ጎረቤት ለቅሶ ሲኖር እኛም እንደዚያው እናደርጋለን፤ ድንኳን ተጥሎ ከግድግዳው ወዲህ ኪቦርድ አይጮህም። አዛን ሲል ልጁ ራሱ እጁን ማንሳት ለምዷል። ከዚህ ውጭ ግን ማዳመጫ አልወድም፤ ሰሚውን ይቆርጠዋል።

"በቃኝ" ሲል

ይህን ያላለ ልጅ አላውቅም። ሦስት ምርጫ አለ፦ ማስገደድ፣ ማሳረፍ፣ ማቆም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት "በቃኝ" አብዛኛውን ጊዜ ዜማው ከብዶኛል ማለት ነው። ማስገደድም ማቆምም ሳያስፈልግ ዜማውን ወደ ቀላል መመለስ ይሻላል፤ ከአስተማሪው ጋር ተነጋግሮ ለሁለት ሳምንት የድሮ ዜማዎችን ብቻ ማጫወት። ከዚያም ካለፈ ግን ማሳረፍን አትፍሩ። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ፣ ዓለም በፒያኖአቸው የሚያውቃቸው፣ በወጣትነታቸው ሙዚቃውን ትተው እዚሁ አምባሰል ግሸን ማርያም ገዳም አሥር ዓመት ያህል ኖረዋል። ወደ ፒያኖ ተመልሰው ነው እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ የምናውቀውን ሁሉ የተዉልን። የእኛ ልጅ ለአንድ ክረምት ቢያርፍ ምን ይሆናል?

እረፍት ግን መመለሻ ቀን ይኑረው። "እስከ መስቀል" ወይም "ፈተና እስኪያልቅ" ይባል፤ ቀኑንም ልጁ ራሱ ይቁረጠው። ኪቦርዱ በእረፍቱ ጊዜ ከሳሎን አይውጣ። "መቼ ነው የምትመለሰው?" ብሎ በየቀኑ መጠየቅም እረፍቱን ያበላሸዋል፤ ይህን እናቴ ነች የከለከለችኝ።

ትንሹ ባለፈው ክረምት አርፎ፣ ከቆረጠው ቀን አምስት ቀን ቀድሞ፣ ቡና ሲቆላ ራሱ ተቀመጠ። ትልቋም እረፍት ወስዳ ነበር። ቀኗ ደረሰ፣ አለፈ፤ እሷ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ቮሊቦል እየተጫወተች ነበር። ቡናውም፣ ወረቀቱም፣ ሰሚውም ለእሷ እኩል ነበሩ፤ ቮሊቦሉን ወዳው ነው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ ሜዳው ዳር እቀመጣለሁ፤ ነጥብ ስታስቆጥር ዞር ብላ ታየኛለች።